ለመሻገር የተዘረጉ ጣቶች

ጠዋት ጠዋት መንገድ ማቋረጫው ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከጎኔ ትቆማለች። ግራጫ ሱፍ ለብሳ፣ ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሁልጊዜ እንደቸኮለች ነው። መኪኖቹ ሲቆሙ ግን እጇን ወደ ታች ዘርግታ ጣቶቿን ትከፍታለች። አንድ ቀን ሳያት ደረሰችብኝና ሳቀች።

"የዓመት ፈቃዴን ባሕር ማዶ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በነፃ ሳገለግል ነው ያሳለፍኩት። መንገድ ስንሻገር እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጣት ይይዝ ነበር። እነሱ ይሄኔ ረስተውኛል፤ እጄ ግን አልረሳም አለኝ።"

ዛሬ ከእናቷ ጋር የቆመች አንዲት ሕፃን ሳታስበው የባንክ ሠራተኛዋን አንድ ጣት ያዘች።

"አንቺ፣ የሰው እጅ ልቀቂ" አለች እናትየዋ።

"ግድ የለም እህቴ፣ እስክንሻገር ተያት" አለች ሠራተኛዋ።

ሹፌሮቹ ጥሩምባ ቢነፉባትም፣ ያችን አጭር መንገድ በሕፃን እርምጃ ተሻገረች።