ኮል የሚሰማው ድምፅ

ግሌኒስ ሃዶው በኒውካስል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሕፃናት ሙዚቃ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቀኗን የምታሳልፈው ከጓሮ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በሽቦና በማዞሪያ በተሞላው፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ በሚፈጥረው አሮጌ ሲንተሳይዘሯ ፊት ተቀምጣ ነው። ባሏ ኮል ጉልበቱን የጨረሰው በብረት ፋብሪካ ጩኸት ውስጥ፣ መዶሻ ሲያነሳ ሲጥል ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመካከላቸው ቅሬታ ገብቶ ነበር። ስታናግረው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያልጠየቀችውን ይመልሳል። ጆሮህን ሐኪም ይየው ስትለው፣

«ጆሮዬ ምን ሆነ? ቃል የምትውጪው አንቺ ነሽ» ይላታል።

ግሌኒስ በልቧ፣ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ሰለቸሁት ብላ ደመደመች። ገበታ ላይ ወሬ ቀነሰች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኳስ እያንከባለሉ ለሚጫወቱበት የሰፈራቸው ቦውሊንግ ክለብ በዓል የምታሰማውን የባሕር ማዕበል ድምፅ ታበጅ ነበር። ከመሣሪያው የሚወጣው መጀመሪያ እንደ ጋለ ዘይት የሚንጫጫ ጥሬ ድምፅ ነው። ቅርፅ የሚሰጠው ማጣሪያው ነው፤ ማዞሪያውን ወደ ግራ ስታዞረው ቀጭኑ ድምፅ ይታፈንና ወፍራሙ ብቻ ይቀራል፣ ወደ ቀኝ ስትመልሰው ይከፈታል። ኮል ያደገው ባሕር ዳርቻ ላይ በመሆኑ እንዲፈርድላት ጠራችው። ሁለቴ ጠርታው ስላልመጣ ሄዳ በክንዱ ይዛ አመጣችው።

«ማዕበሉ ደህና ነው» አለ የሻይ ኩባያውን ይዞ።

«አረፋውስ? አሸዋው ላይ ሲሳብ?»

«የቱ አረፋ?»

«አታሹፍ እንግዲህ!»

«ኧረ ሙች! ምንም የለም።»

ግሌኒስ ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ድምፁ ጆሮዋን ወጋት። «እሺ፣ ሲቀንስ ንገረኝ» አለችውና ቀስ እያለች መዝጋት ጀመረች። ሹክሹክታው ጠፋ። ፉጨቱ ጠፋ። ኮል ሻዩን እየጠጣ ይጠብቃል።

«ጀመርሽ?» አለ።

ማዞሪያው ግማሹን አልፏል። ትንሽ ጨምራ ዘጋችው።

«አዎ፣ አሁን ቀነሰ!»

እጇ እዚያው ቀረ። እሱ ጓሮ ወደተከላቸው ቲማቲሞቹ ሲመለስ፣ ማዞሪያውን ሳትነካ ማይክሮፎን ከመሣሪያው ጀርባ ሰካች፤ ድምፅዋ በማጣሪያው ውስጥ አልፎ እንዲመጣላት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ኮል፣ ሻይ ትፈልጋለህ?» አለች በማይክሮፎኑ።

የሰማችው ከግድግዳ ወዲያ የሚያጉረመርም ሰው ነው። «ሻይ» ያለችው «አይ» ሆኖ መጣ። ስሙን ጠራች፣ ደጋግማ ተናገረች፤ ከቃሎቿ ጫፍ ጫፋቸው ተበልቶ ነበር። ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ጓሮ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ኮል፣ ይቅር በለኝ።»

«ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ሆን ብለህ ችላ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አንተ የምትሰማውን ሰማሁት።» ያደረገችውን ሁሉ ነገረችው።

ኮል ቲማቲሙን የሚያስርበትን ገመድ በጣቱ ሲጠመዝዝ ቆየ።

«እኔም ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ምን አልሽ ስልሽ ‹ተወው› ትያለሽ። ‹ተወው› የሚለውን ደግሞ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ።»

ግሌኒስ አጠገቡ ቆማ የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘችለት።

ሰኞ ዕለት ኮል ራሱ ሐኪም ቤት ደወለ። ለመስማት የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያ ሲደረግለት የመጀመሪያውን ሳምንት ሲነጫነጭ ከረመ፤ ማንኪያው ጮኸ፣ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ፣ ቧንቧው አላስተኛ አለ። ሁሉም ድምፅ አልተመለሰለትም፤ ሐኪሟም አንዳንዱ ከፋብሪካው ጋር ቀርቷል ብላዋለች። ስለዚህ ግሌኒስ ከሌላ ክፍል መጣራቷን ተወች። የምትለው ሲኖራት ተነስታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ያልገባውን ደግሞ እንድትደግምለት ይጠይቃታል፣ እሷም ትደግምለታለች። አንዳንድ ጊዜ ሦስቴ።