ታክሲ ውስጥ የረሳሁት ፋይል

ልደታ ከምሠራበት ቢሮ የባለጉዳይ ፋይል ይዤ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ የረሳሁት እኔ ነበርኩ። የተጠየቀችው ግን ፋይሉ በኃላፊነቷ ሥር የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከሥራ ስትታገድ እውነቱን ደበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ እንቅልፍም አጣሁ። ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «ልብሽ ደህና ነው። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» ሲለኝ አለቀስኩ።

በማግስቱ አብነት ሰፈር ወዳለው የባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ እንጂ ግቢ አላለችኝም።

«ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ቦርሳሽ ውስጥ ስትከቺው አይቻለሁ። ብናገር ማን ያምነኛል? ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ሰኞ ጠዋት ለአለቃችን ጥፋቴን በጽሑፍ አመንኩ። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ተቀጣሁ። እንቅልፌም ቀስ በቀስ መጣ። እሷ ግን ዛሬም ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ነቅንቃ ታልፈኛለች።