ጋሽ ተሰማን በር የከለከልኩ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ብዙ ሰው "በቃ እርሺው" ይለኛል። እኔ ግን ልረሳው አልፈልግም። በዕድሜዬ ሙሉ ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት፣ ያን ቀን እንደ አባቴ የማያቸውን ሽማግሌ በሰው ፊት ከልክያለሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ደስም ይለኛል።

በአዘቦት ቀን ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ሆላንድ፣ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ እዚህ ለተወለዱ የሀበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አስተማሪነት ተምሬ አይደለም። የወላጆች ኮሚቴ "አንቺ ነሽ የምትችይው" ሲለኝ እንቢ ማለት አቅቶኝ ነው። እንዲሁ እሺ እንዳልኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ልጆቹን ፊደል ብቻ ማስቆጠር ያሰለቻቸዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣሁ። በሆላንድ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ርእስ መርጦ ክፍሉ ፊት ቆሞ የሚናገርበት ስፕሬክበርት የሚባል ነገር አለ። እሱን አስቀድመው እኔ ዘንድ በአማርኛ ይለማመዱታል። አንዱ ስለ ድመቱ ያወራል፣ ሌላው ስለ እግር ኳስ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሶስና ግን የመረጠችው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ላይ ስለደረሱ የአውሎ ነፋስ አደጋዎች ነበር።

"ሌላ ርእስ ጠፍቶ ነው?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ኢንተረሳንት ነው እኮ" አለችኝ፤ ይስባል ማለቷ ነው።

ጣሪያቸው የተገፈፈ ትምህርት ቤቶች ፎቶ ይዛ ቆመችና ጀመረች። ድሮ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ልጆቹ ቁጭ ብለው እየተማሩ ሳለ ቤቱ በላያቸው ይፈርስ እንደነበር ነገረችን። ሰፊ ጣሪያ ያላቸው አዳራሾችና የምግብ ክፍሎች ቶሎ እንደሚደረመሱ፣ አንዳንዶቹ ልጆች ደግሞ ልክ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በአውቶቡስና በወላጆቻቸው መኪና ውስጥ እንደተያዙ ነገረችን። ልጆችን በገላቸው የሸፈኑ አስተማሪዎችም ነበሩ። ከዚያ ድምፅዋን ሞቅ አድርጋ፣ ከየአደጋው በኋላ ሰዎች አንድ አንድ ነገር እየተማሩ እንደሄዱ አስረዳች። ከመስኮት ርቆ መሐል ኮሪደር ውስጥ መቀመጥ፣ ጭንቅላትን መሸፈን። ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ካለ ደግሞ ልጁን ሰጥቶ ከመሸኘት ወላጁን ወደ ውስጥ ማስገባት።

አያቷ ጋሽ ተሰማ ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። "በቃ ዝም በይ! ሕፃናት ፊት ምን ዓይነት ሟርት ነው?" ብለው አቋረጧት። ሶስና ፎቶዎቿን ሰብስባ ተቀመጠች። እኔም የሚቀጥለውን ልጅ ጠራሁ።

ስለ ጋሽ ተሰማ ትንሽ ልንገራችሁ። ድሮ የመርከብ መካኒክ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሮተርዳም ወደብ ላይ ከመርከብ ወርደው እዚሁ አገር ቀሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እኔ ከስደተኛ ካምፕ ስወጣ ቤት ያፈላለጉልኝ፣ ሳገባ አባት ሆነው የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ሁላችንም እንነሳለን። ተቀመጡ ካሉን እንቀመጣለን። ነገሩ በዚህ ያልቃል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ ጀምሮ ሙቀቱ ሌላ ነበር። ኮድ ኦራንዥ የሚሉት የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ታውጇል አሉ። እዚህ አገር ዝናብ ባካፋ ቁጥር ኮድ ስለሚያወጡ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ጥቁረቱ ወደ ቢጫ አደላ። የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ ከቤት አትውጡ፣ ከመስኮት ራቁ ይላል።

ወላጆች መምጣት ጀመሩ። የእኛ ሰው ክፉ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ልጁን መውሰድ ነው። ቀድማ የደረሰችው የሁለት ወንድማማቾች እናት ነበረች። "ልጆቼን ቶሎ ስጪኝ!" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ከአፌ የወጣው ልማዴ ነው። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ብስክሌቷ ላይ ጭና በረረች።

ሶስና ቀሚሴን ያዘች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ቲቸር፣ ኔ፣ አይሆንም! የነገርኩሽ እኮ ይሄ ነው። ማንም እንዳይወጣ!"

ያን ጊዜ ነቃሁ። ቀና ብዬ ያለንበትን ክፍል አየሁት። የስፖርት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ሰፊ ነው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም፣ አንዱ ጎኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። "ሁላችሁም ተነሱ! ወደ ኮሪደር!" ብዬ ጮህኩ። ልጆቹን መሐል ኮሪደር ውስጥ፣ ኮት መስቀያው ሥር ደረደርኳቸው። በዚህ መሐል የመጡትን ወላጆችም "ግቡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ" አልኳቸው። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ግን ገባ።

የውጭውን በር ልቆልፍ ስል ጋሽ ተሰማ ገፍተው ገቡ።

"ሶስና፣ ተነሽ። ቦርሳሽን ያዢ።"

"ጋሼ፣ እባክዎ እስኪያልፍ ትንሽ ይቆዩ" አልኳቸው በሩን ከኋላቸው እየቆለፍኩ።

"ምኑ ነው የሚያልፈው? እኔ ባሕር ላይ ስንት ማዕበል ያየሁ ሰው! መኪናዬ ደጃፍ ላይ ናት። እናትየዋ ከሥራ ላይ ሆና እያለቀሰች ደውላልኛለች። ቤት አድርሳታለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ክፈቺው።"

ሶስና ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ቁልፉን ማዞር ጀምሮ ነበር። ወዲያው የእነዚያ ወንድማማቾች ፊት መጣብኝ። የት እንደደረሱ አላውቅም። ሦስተኛ ልጅ አልጨምርም አልኩ በልቤ። ቁልፉን ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩትና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ይውቀሱኝ። ልጅቷን አልሰጥም። እርስዎም አይወጡም።"

"እኔንም?"

"እርስዎንም።"

 ጋሽ ተሰማ አዩኝ፣ አዩኝና "ዘነበች፣ አሳፈርሽኝ" አሉ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ሶስና እጃቸውን ሳብ አደረገች። "አባባ፣ ና፣ እዚህ ቁጭ በል" አለቻቸው። እዚህ ላደጉት ልጆች አንቱታ አይዋጥላቸውም፤ ሌላ ቀን ቢሆን አርማት ነበር። ጋሽ ተሰማም ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

ወዲያው መጣ። ከባድ መኪና ግድግዳውን ጥሶ የሚገባ ነው የመሰለኝ። መብራት ጠፋ። ጆሮዬ ተደፈነ። ከአዳራሹ በኩል መስታወት ሲረግፍ ሰማን። ሁለት ሕፃናት ጉያዬ ውስጥ ከትቼ "አባታችን ሆይ" ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርሰው አለፈ።

አንድ ሰው የስልኩን መብራት ሲያበራ መጀመሪያ ያየሁት ጋሽ ተሰማን ነው። ተንበርክከው በሶስናና አጠገቧ በነበረ ሌላ ልጅ ላይ ተደፍተዋል። ነጠላቸው ወድቋል፣ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ነው። እንዲህ ያድርጉ ብሎ የነገራቸው ማንም አልነበረም።

እኔ ግን የማስበው የወንድማማቾቹን ነገር ነበር። እናታቸው ስልክ አታነሳም። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም፣ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። በመጨረሻ ራሷ ደወለች። ነፋሱ ከብስክሌቷ ሲጥላቸው አንድ ቱርካዊ ዳቦ ጋጋሪ እጃቸውን ጎትቶ ሱቁ ውስጥ አስገብቷቸው ኖሯል። የትልቁ ልጅ ጉልበት ተላልጧል፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በኋላ አዳራሹን አየነው። ከጣሪያው አንዱ ጎን ተገፍፏል፣ ልጆቹ ይቀመጡባቸው የነበሩት ወንበሮች ሁሉ ስባሪ መስታወት ሞልቶባቸዋል። ደጃፉ ላይ የነበረው ትልቅ ዛፍ ደግሞ የጋሽ ተሰማ መኪና ላይ ወድቋል። ጋሽ ተሰማ ወጥተው ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ የሶስናን እጅ ይዘው፣ እኔን ቀና ብለው ሳያዩ በእግራቸው ሄዱ።

ክረምቱን ሙሉ አላነጋገሩኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰው ጀግና ይለኛል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እነዚያን ሁለት ልጆች በገዛ እጄ መሸኘቴም ነበር የሚያንገበግበኝ። ስለ እሱ የሚያነሳብኝ አልነበረም። እናታቸውም አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

መስከረም ላይ ትምህርት ልንጀምር ስንል ወላጆች ተሰበሰቡ። ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ልጅ አይወጣም፣ ወላጅ ይገባል የሚል ደንብ ቀረበ። ሁሉም ተስማማ። "በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክለው ማነው?" ሲባል ግን ሁሉም አቀረቀረ። የጓደኛውን፣ የጎረቤቱን፣ የክርስትና አባቱን ፊት ማን ይችላል?

ጋሽ ተሰማ ከኋላ ተነሱ። መምጣታቸውንም አላየሁም ነበር።

"እኔ እቆማለሁ" አሉ። "እኔን ገፍቶ የሚወጣ ካለ እናያለን።"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። "ዘነቡ፣ የተቀየምኩሽ መስሎሻል። አልተቀየምኩም። አፍሬ ነው። ይህችን ልጅ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺም እንደሷ እሺ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ…" አሉና አልጨረሱትም። እንዲጨርሱትም አልፈለግኩም። ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ቀና አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ነፋስ በርትቶ ስልካችን እንደገና ጮኸ። አንዲት እናት እየሮጠች መጥታ "ልጄን!" አለች። ጋሽ ተሰማ በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሳይነሱ "ልጅሽ ውስጥ ናት። ግቢና አጠገቧ ቁጭ በይ" አሏት። "እሺ ጋሼ" ብላ ገባች። ያ ነፋስ አንዲት ቅጠል እንኳ ሳይጥል አለፈ። "በከንቱ አስቀመጡን" ብሎ ያጉረመረመም ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ ተሰማ በሩን ከፈቱት፣ እኔም ልጆቹን ስማቸውን እየጠራሁ አንድ በአንድ ለየእናት አባታቸው አስረከብኩ።