ከጎተራው ኋላ ያሉት ጧፎች

ወረታ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት የጓዳውን ግድግዳ ነው። ከጎተራው ኋላ፣ በጭቃው ላይ፣ ባሌ በከሰል የሣላቸው ጧፍ የመሰሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ነጭ፣ ግማሾቹ ጥቁር፣ ከላይና ከታች ቀጭን ክር ያላቸው። ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ይጨመራል። አስማተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይሥላል ሲባል ሰምቻለሁና ጥቁሮቹን የሰው ነፍስ አደረግኋቸው። እህል ስሰፍር አማትቤ ጀርባዬን እሰጣቸው ነበር። ለእናቴ እንኳ አልተነፈስሁም። ብነግራት መጥታ ትወስደኛለች፤ ባሌን ደግሞ ወድጄዋለሁ።

እሱ ገበሬም ነጋዴም ነበር። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን በሬዎቻችንን ይፋግ ገበያ ወስዶ ሸጠና በዋጋቸው ኑግ ገዝቶ ቤቱን ሞላው። ክረምቱ ሳይገባ አትርፎ ሊሸጥ፣ በሬዎቹንም መልሶ ሊገዛ ነው። ኑጉ ቢረክስስ በምን እናርሳለን? ያን ጊዜ ፍርሃቴ ከአፌ አመለጠ።

"እንዲያው በማርያም፣ እኒህ ጧፎች የማን ናቸው?" አልሁት።

ሳቀብኝ። "የኑግ ናቸው እንጂ የማን ይሁኑ!" አለና አስረዳኝ። አንዷ ጧፍ አንድ የገበያ ቀን ናት። የወፍራሙ አካል አንዱ ጫፍ ገበያው የተከፈተበት ዋጋ፣ ሌላው ጫፍ የተበተነበት ነው። ዋጋው ጨምሮ ከዋለ በአመድ ያነጣታል፤ ቀንሶ ከዋለ በከሰል ያጠቁራታል። የላይኛዋ ክር በቀኑ የተጠራው ትልቁ ዋጋ ናት፣ የታችኛዋ ትንሹ።

"ክሯ ከላይ ስትረዝም፣ ዋጋው ወጥቶ መቆም አቅቶት ወረደ ማለት ነው" አለኝ።

እፎይ ያልሁ መስሎኝ ነበር። ሰይጣኑ ሲወጣ ገበያው ገባ። ከዚያ ወዲያ ጓዳ በገባሁ ቁጥር ግድግዳውን ማንበብ ሆነ ሥራዬ፤ የመጨረሻዎቹ ጧፎች ደግሞ አካላቸው እያጠረ፣ የላይ ክራቸው እየረዘመ ሄዷል።

ኑጉን ሊሸጥ ባሰበበት ገበያ ዋዜማ ባሌን ንዳድ ጣለው። ጠዋት እየተንቀጠቀጠ፣ "ኑጉን አስጭነሽ ሂጂ" አለኝ። "ቀትር ላይ ዋጋው ሲወጣ ታያለሽ። እንዳትቸኩይ! እስኪበተን ያዢው፣ ገና ይጨምራል።"

"እሺ" ብዬው ወጣሁ።

እንዳለውም ቀትር ላይ ወጣ። ከጎንደር በመኪና የመጡት ነጋዴዎች ይሻማሉ። አጠገቤ ያለችው ኑግ ሻጭ፣ "ያዢ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ትለኛለች። እኔ የሚታየኝ ያ ረዥም ክር ነው። ብሸጥና ቢጨምር ባሌን በምን ዓይኔ ላየው ነው? ባልሸጥና ቢወርድ በሬዎቻችን ቀሩ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ አንዲት ቁና ሳላስቀር ሸጥሁት። ከዚያ እስኪበተን ድረስ ከገበያው መነሣት አቃተኝ። ዋጋው ሲወርድ በዓይኔ እያየሁ እንኳ ፍርሃቴ አልተወኝም።

ቤት ስደርስ ንዳዱ ለቀቅ አድርጎት ተቀምጧል። የሆነውን ነገርሁት። ደግፊኝ ብሎ ጓዳ ገባና የዕለቱን ጧፍ ሣለ፤ አጭር፣ ጥቁር፣ የላይ ክሯ ግን ከሁሉም የረዘመች። ቆሞ ብዙ አያት።

"እኔ ብሆን አልሸጥም ነበር" አለ።

በሬ ገዛን፣ በጊዜውም አረስን። እኔን ግን ያቺ ቃል አስፈራችኝ። ግድግዳውን የሣለው እሱ ነው፤ የክሯን ነገር ያስተማረኝም እሱ ነው፤ የራሱ በሬ ገበያው ውስጥ ሲገባ ግን አላነበበውም። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ እሱ ያይልኛል እያልሁ እንቅልፌን እተኛ ነበር።