የሳሙናው ሰውዬ

የተያዝኩት በእርሳስ ምክንያት ነው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፊደል አስተምር ነበር፤ ስዕልም እሞክራለሁ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ትምህርቱ ስለቆመ፣ አንድ ቀን አጥራችን ሥር ተቀምጬ ፊት ለፊት የሚታየኝን ጉብታ ሳልኩ። ጉብታው ላይ የወታደሮቹ ሰፈር ነበረበት። ሁለት ባንዳዎች በመንገድ ሲያልፉ አዩኝና ወረቀቱን ነጥቀው ክንዴን ያዙኝ። ለአርበኞች ካርታ የሚያነሳ ሰላይ ተባልኩ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ እየሮጠች ስትከተለን፣ «ኧረ ምን አጠፋ?» የሚለው ድምጿ እስከ ሰፈሩ በር ድረስ አልተለየኝም።

ያስገቡኝ ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከወለሉ የሚነሳው ብናኝ ዓይን ያቃጥላል። እንደገባሁ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አለኝ አንድ ድምፅ ከጥግ በኩል።

ሽማግሌ የሀድያ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ዱር ስለገባ በእሱ ፋንታ እሳቸውን አምጥተው አስረዋቸዋል። የእሳቸው አማርኛ ጥቂት፣ የእኔም ሀዲይኛ ለገበያ የሚበቃ ያህል ነበር፤ ግን ተግባባን። ባለቤታቸው የምትልክላቸውን ቆጮ ለሁለት ይቆርሱና ትልቁን ወደ እኔ ይገፉታል። አባባ እላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ፀሐይ ሊያሞቁን አወጡን። አባባ በሩ ሥር ተቀመጡ። እኔን ግን ወደ አዛዡ ጠረጴዛ ጠሩኝ። አጠገቡ አንድ ወፍራም ጣሊያናዊ ነጋዴ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና የተቀረጸ እርሳስ አለ። የሞት ፍርዴን ሊያስፈርሙኝ መሰለኝ።

«አትፍራ» አለኝ አስተርጓሚው። «ሲኞሩ ሳሙና ሊሸጥ ነው። መጠቅለያው ላይ የሚወጣ ምልክት ይፈልጋል፤ የሚያስቅ ሰውዬ። በየገበያው፣ ሙዱላም አዲሎም ይለጠፋል። ትስልና እሁድ እናትህ ቤት ትገባለህ። እምቢ ካልክ ወደ ሩቅ እስር ቤት በሚሄደው ካሚዮን ትጫናለህ።»

ትንሽ ቀለል አለኝ። ሳቅም ሊያመልጠኝ ነበር።

«ምን ዓይነት ሰውዬ?» አልኩ።

«ግማሽ ፊቱ ጥቁር፣ ግማሹ በሳሙናው ታጥቦ የነጣ። አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ይስቃል።»

ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። «ቆሻሻው ነው የለቀቀለት?»

«ቆዳው» አለ አስተርጓሚው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ነጋዴው በጣቱ ወደ አባባ አመለከተና አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ። አባባ ጥርስ ስለሌላቸው፣ ያንን ሰውዬ የእሳቸውን ፊት እያየሁ እንድስል ነው የፈለገው። መደብደብን ጠብቄ ነበር፤ መሰቀልንም አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ግን በሐሳቤ አልመጣም።

አባባን አምጥተው ፊት ለፊቴ አስቀመጧቸው።

«ልጄ፣ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። አሁንም ሲገርመኝ የሚኖረው፣ አለመቆጣታቸው ነው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሳለኝ፤ አንተ ውጣ። እናት አለህ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «አፌን ግን ዝጋልኝ» አሉ።

ሳልኳቸው። ጋቢያቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ቀጥ ብሎ የሚያየውን ዓይናቸውን፣ የተዘጋ አፋቸውን። የትኛውንም የፊታቸውን ወገን አላነጣሁም።

ነጋዴው ወረቀቱን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። እርሳሱን ከእጄ ነጠቀኝና ራሱ በሳልኩት አፍ ላይ ሰፊ አፍ መሳል ጀመረ። ያን ጊዜ አባባ ተነሱ። ወረቀቱን ከእርሳሱ ሥር ቀስ አድርገው ሳቡት፤ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«የእኔ ነው» አሉ በአማርኛ።

አጠገባቸው የቆመው ዘበኛ በሰደፍ መታቸው። ወደቁ። ወረቀቱን ከጉያቸው ፈልቅቆ ቀደደው። እሳቸው ወድቀውም እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሱም።

ሌላ ወረቀት አቀረቡልኝ። እርሳሱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልስልም» አልኩ።

በማግስቱ በካሚዮን ተጫንኩ። የተመለስኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አባባ እዚያው መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ማረፋቸውን ሰማሁ። ሳሙናው ደግሞ ለካ ሌላ ሠዓሊ አግኝቶ ኖሯል፤ አንድ ሱቅ በር ላይ የተላጠ ወረቀት አየሁ፤ ያ ሰውዬ፣ ግማሹ የነጣ፣ እስከ ጆሮው እየሳቀ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የአባባ ልጅ ከዱር ተመልሶ ሲያበቃ ቤቴ ድረስ መጣ። «የአባቴን መልክ ስለህ ነበር አሉኝ። ብትደግመው?» አለኝ። ወረቀት አመጣሁ። ብዙ ሞከርኩ። ጋቢው መጣልኝ፤ ፊቱ ግን እምቢ አለኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣው የሳሙናው ሰውዬ ነው። ይህንኑ ስነግረው ልጁ እስኪመሽ አጠገቤ ተቀምጦ ሄደ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ አንዳንዴ አሁንም እስላለሁ። እርሳስ ሳነሳ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ የተከፈተ አፍ ነው። እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እጀምራለሁ።