ቀድማ የጠወለገችው አበባ

ዛሬ ጠዋት ከአበባ ማስቀመጫው ሥር የወደቀ የአበባ ቅጠል ላነሳ ስል ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ስስ ነው፣ ርጥብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሽታውም የቆየ ውሃ ሽታ። ይህን ሽታ የማውቀው ከከሚሴ ነው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ።

የባዮሎጂ መምህራችን ከግቢው ሐምራዊ አበቦች ሁለቱን መርጦ ክር አሰረባቸው። አንዷን በላባ የሌላ አበባ ዱቄት አስነካት፤ ሌላዋን ንብ እንዳይደርስባት በስስ ሻሽ ሸፈናት። የተነካችው ቀድማ ጠወለገች።

"ዘር ስለያዘች ነው" አለን። "የቅጠሎቿ ሕዋሳት የውስጣቸውን እያፈረሱ ምግቡን ወደ ዘሩ ይልካሉ። በመጨረሻ ስሱ ገለፈታቸው ይበሳና ውሃው ይፈስሳል።"

በዚያው ሰሞን ከጨፋ ሮቢት ሽማግሌ ተላከብኝ። አባቴ ያዳምጣል። የምትናገረው እህቱ ነበረች፤ አዳዳ እላታለሁ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማታለሁ።

"ሴት ልጅ አበባ ናት። በጊዜ ካልያዟት በራሷ ትረግፋለች።"

አላስቻለኝም። "ቀድማ የምትረግፈውስ ዘር የያዘችው ናት፣ አዳዳ!"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። "ያ ረቢ! ይህችን ወስደን ማን ሊችላት ነው?"

ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ተነሡ። አዳዳ በሩን ዘግታ መጣችና በጥፊ አጮለችኝ። እስካሁን ይቅር አላልኳትም፤ አልደብቅም።

በማግሥቱ ጎመን ስንቀነጥስ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ያቺ አበባሽ... ያላት ሁሉ ወደ ዘሩ ነው የሚሄደው?"

"አዎ።"

"ሳትጠየቅ?"

"ራሷ ናት የምትሰጠው። መምህሩ እንደዚያ ነው ያለን።"

"ኢንተላ ኮ" አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። "እሱ ምን ያውቃል? ወልዷል?"

አዳዳ በእኔ ዕድሜ ሁለተኛ ልጇን ታቅፋ እንደነበር ጎረቤት ነግሮኛል። ከእሷ አፍ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠለች።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አባቴ ከመነሣቱ በፊት እሷ ደጅ ወጣች። "ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት። አብሽሩ፣ ለልጃችሁ ሌላ አይጠፋም" ስትል ሰማኋት። ወንድሟን እንኳ አላማከረችም።

ስትገባ ዓይኔን ማየት አልፈለገችም።

"ምን ቆመሽ ታያለሽ? ትምህርት ቤት አይረፍድብሽም?"

ቅዳሜ ነበር። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።