በቀይ መስታወት የተነበበ ደብዳቤ

የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን ትቶ «ጋሼ መስታወት» ማለት ከጀመረ ድፍን ሃያ ዓመት አልፏል። ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ስሙ የወጣለት፣ ሰው እያናገረው ሳለ ከደረት ኪሱ ባለቀለም ክብ መስታወት መዝዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በዚያ ስለሚያይ ነው። አንዴ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካዩን በአረንጓዴ መስታወት አየና «ምነው ዛሬ ፊትህ ጠቆረብኝ?» ቢለው፣ ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት ሊሄድ ነበር።

መስታወቶቹ አራት ናቸው፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቀይ። ሌንስ አፍ ላይ የሚጠመዘዙ ፊልተሮች ናቸው። በፊልሙ ዘመን፣ ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ በነበረ ጊዜ፣ ደመናውን በቢጫው ከሰማዩ ለይቶ ሲያወጣ፣ የሙሽሮችን ብጉር በቀዩ ሲያጠፋ ኖሯል። ፊቱ የፈነዳበት ሙሽራ ተሸማቆ ሲገባ «አይዞህ፣ ለዚህማ ቀዩ አለልህ» ይለው ነበር።

ፊልሙ ቀርቶ ዲጂታሉ ሲመጣ ሴት ልጁ አዲስ ካሜራ ገዛችለት። ፎቶ ቤቱን አብረው ነው የሚሠሩት፤ እሱ ያነሳል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ አስተካክላ ታትማለች። መስታወቶቹን ግን አልጣላቸውም። ሟች ሚስቱ ከአሮጌ ሻርፗ ቆርጣ በሰፋችላቸው ከረጢት ያስቀምጣቸዋል። አዲሱ ሌንስ ላይ እንዲገጥሙለትም ለእያንዳንዳቸው ቀለበት አሠርቷል።

«አባዬ፣ ለምን ትለፋለህ? ቀለሙን እኔ በኋላ በአንድ ጣት አጠፋልህ የለ» ትለዋለች ልጁ።

«አንቺ በኋላ ታዪዋለሽ። እኔ ደግሞ አሁን ማየት እፈልጋለሁ» ይላታል። ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጎ መስታወት ሲቀያይር፣ የሰው ፊት በትንሿ ስክሪን ላይ አንዴ ሲፈካ አንዴ ሲጠቁር እያየ፣ ደንበኛ መጠበቁን ይረሳዋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሦስት በር አልፋ ያለችው ልብስ ሰፊ መጣች። ሰፈሩ እጇንም ምላሷንም ያውቃል፤ ሁለቱም አይስቱም። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ወርዶ ነበር። በሁለት ጨርቅ መሀል ይዛ የመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ ዘረጋችው። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ደም መስሏል።

«ምን ሆኖ ነው እትዬ?»

«ቀይ ካፖርት ነበረኝ። ጨርቁ ለሌላ ይሆነኛል ብዬ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ለካ የእህቴ ደብዳቤ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የካፖርቱ ቀለም ለቀቀበት።»

«አንብበውት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አላነበብኩትም። ከውሃው እስካወጣው ድረስ ፖስታውንም አልከፈትኩትም።»

ከዚያ የሆነውን ነገረችው። ከሰባት ዓመት በፊት ለዘመድ ሠርግ ለታላቅ እህቷ ቀሚስ ሰፋችላት። እህቷ ታዲያ እዚያው ሠርጉ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ግራ እጅጌውን አሳጥራብኛለች» አለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ ቆሌዋ ተገፈፈ። ተኮራረፉ። ደብዳቤው የመጣው በወሩ ነው፤ በንዴት ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው። ንዴቷ ሳይበርድ እህቷ ሞተች። ቀብር ሄዳ ከኋላ ቆመች። የእህቷ ልጅ ዘወር ብላ «አሁን መጣሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ከልጅቷም ጋር ተነጋግረው አያውቁም። ደብዳቤውን ልቀደው ወይስ ላንብበው ስትል፣ ካፖርቱ ሳጥን ገባ፤ እሷም ተወችው።

«ሰማያዊ እስክሪብቶ እንደሆነ ይታየኛል» አለች። «ግን ከቀዩ ጋር ተደባልቆ ዓይኔን ያጥበረብረዋል። ኮምፒውተሩ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ነው።»

ልጁ ከኮምፒውተሩ ኋላ ልትነሳ ስትል አባቷ በእጁ ቆዪ አላት። ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ አድርጎ ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጎ በሦስት እግሩ ላይ ቁልቁል አስጎነበሰው። መጀመሪያ ቢጫውን ጠመዘዘ፤ ምንም። አረንጓዴውን ሲያደርግ ገጹ እንዳለ ከሰል መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑን አይታ «ኧረ ጭራሽ ጠፋ» አለች።

«ጠፍቶ የትም አይሄድ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ቀዩን ጠመዘዘው። ቀዩ ብርሃን ይበላል፤ ካሜራው ረጅም ጊዜ ዓይኑን መክፈት ነበረበትና «አሁን ጠረጴዛውን እንዳይነኩብኝ» አላት። እሷም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ዋጠች። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ፣ ከዚያ በራ። ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። በላዩም ጥቁር የሆነ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ የእጅ ጽሑፍ መስመር በመስመር ተደርድሯል።

«የእሷ ጽሑፍ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ፤ እርስዎ ያንብቡልኝ» አለችው።

መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ መስታወት እንዳላየ ሆኖ ጎንበስ ብሎ አነበበላት።

«እህቴ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ቤት ገብቼ ሁለቱንም እጅጌ በሜትር ለካሁት። እኩል ናቸው። የተበላለጠው ትከሻዬ ነው። ግራ ጎኔን ካመመኝ ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ስትለኪኝ ቀጥ ብዬ የቆምኩት እንዳታውቂብኝ ነበር። ቀሚሱ ምንም አልሆነም። ባትመጪም አልቀየምሽም፤ ኩርፊያሽ ረጅም እንደሆነ ከልጅነትሽ አውቃለሁ። ልጄን ግን እዪያት።»

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ እያሻሸች ቆየችና፣ «ጎበጥ ብላ እንደነበር አይቻለሁ» አለች። «ስለካት አይቻለሁ። ቀና በይ ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ።» እንባዋ መጣ። ጋሼ መስታወት ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሚስቱ በሞተች ሰሞን ይቺው ሴት እንዲሁ ዝም ብላ አጠገቡ ተቀምጣለት ነበር።

ልጁ ደብዳቤውን አትማ አመጣች፤ ሁለት ቅጂ።

«ሁለቱ ለምኔ ነው ልጄ?»

«አንዱ ለእህትዎ ልጅ ይሆናል ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም በጨርቁ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ ልጁ፣ «አባዬ፣ ኮምፒውተሩም እኮ ያወጣው ነበር። ቀዩን ብቻ ለይቼ ባየው ያው ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። አንቺ ስትሠሪ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከለከልከኝ?»

«እጄ ቀደመኝ» አለ። «ደግሞም እሷው ፊት ይውጣላት ብዬ ነው።»

ልጁ መስታወቶቹን እያገላበጠች አየቻቸው። «እንግዲያው አስተምረኝ። አረንጓዴው ለምን አጠቆረው?» አለችው። ያን ቀን ሁለቱም ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ አንዲት ረጅም ሴት አስከትላ መጣች። «የእህቴ ልጅ ናት» አለች፣ ሌላ ማብራሪያ ሳትጨምር። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። ጋሼ መስታወት በካሜራው አየና፣ «አንድ ላይ አልገባችሁልኝም፣ ተጠጉ» አለ። ተጠጉ። «አሁንም ትንሽ ቀርቷል።» ልጅቷ እየሳቀች «አክስቴ፣ እኚህ ሰውዬ እቅፍሽ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው» አለቻት። ልብስ ሰፊዋም እጇን በትከሻዋ ዙሪያ አሳልፋ ወደ ራሷ ሳበቻት።

ጋሼ መስታወት ለፊታቸው የሚስማማውን ቢጫውን ጠምዝዞ ሊያነሳ ሲል ልብስ ሰፊዋ እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄኛው በቀለም ይሁንልኝ። የለበሰችውን ቀሚስ በዚህ ሳምንት የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሰማያዊነቱ ይታይ።»

ልጁ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሳቋን አፈነች። አባቷ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ መስታወቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና በቀለም አነሳቸው።